አንድ ዲስክ ለሁለት፦ የኡቡንቱ መጫኛ ሲገመገም

ግምገማ ሲባል መጽሐፍ ብቻ አይደለም። ዛሬ የምገመግመው አንድ የኮምፒውተር ገጽ ነው፤ ዊንዶውስ ባለበት ማሽን ላይ ኡቡንቱን ስንጭን ዲስኩን ለሁለት የሚያካፍለንን።

ለምን አሁን? ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። አሮጌ ማሽን ይዘን አዲስ መግዛት የማንችል ሰዎች ነጻውን ኡቡንቱ ብናስብ አይገርምም። ስሙ ከደቡብ አፍሪካ ቋንቋዎች የመጣ ሲሆን «ሰብአዊነት» እንደማለት ነው። እስከ 2011 ድረስ ሲዲውን በፖስታ በነጻ ይልኩ ነበር።

ምስጋናውን ላስቀድም። ከዊንዶውስ ጎን መጫንን መርጦ ድንበሩን በማውስ መጎተት ነው፤ አለቀ። ድሮ ፓርቲሽን መሥራት የባለሙያ ሥራ ነበር፤ አሁን ተማሪም ይችለዋል።

ቅሬታዬ ግን እዚሁ ላይ ነው። ገጹ የሚያሳስበው ለማን ስንት ጊጋባይት እንደሚደርሰው ነው። ዲስኩ ላይ የማን ፋይል እንዳለ አይጠይቅም። ማሽኑ የአንድ ሰው ነው፣ መብራትም አይጠፋም ብሎ ያሰበ ይመስላል። እኛ ጋ ግን አንዱን ኮምፒውተር ጠዋት አንዱ፣ ከሰዓት ሌላው ይጠቀምበታል። ዲስኩን በሙሉ አጥፍቶ የሚጭነው ምርጫም እዚያው ተቀምጧል።

እኔ ራሴ አንድ ቀን ቸኩዬ፣ ማስጠንቀቂያውን ሳላነብ እሱን መረጥኩ። ጥፋቱ የኔ ነው። የአንዲት ተማሪ የሴሚስተር ጽሑፍ አብሮ ጠፋ። ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ጽሑፉ ግን አልተመለሰም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይሄ ነው!

ስለዚህ ገጹ የማይጠይቀንን እኛ እንጠይቅ። በመጀመሪያ የማሽኑን ተጠቃሚዎች ሁሉ እናስፈቅድ፤ ፋይላቸውን ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጠን መከፈቱን እንይ። ሁለተኛ፣ የዊንዶውስን «ፋስት ስታርትአፕ» እናጥፋ፤ እሱ በርቶ ከሆነ ማሽኑ የተዘጋ ቢመስልም ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ሦስተኛ፣ ቦታውን ከዊንዶውስ ውስጥ፣ በ«ዲስክ ማኔጅመንት» እናሳንስ፤ ለኡቡንቱ ቢያንስ 25 ጊጋባይት ይተውለት። አራተኛ፣ ጄኔሬተሩ ሊጠፋ ሲል አንጀምር፤ ዲስክ እየተከፋፈለ መብራት ከሄደ ፋይሉም አብሮ ሊሄድ ይችላል።

ደግሞም ሳይጭኑ ከፍላሽ ላይ አስነስቶ መሞከር ይቻላል። ለመማር ብቻ ከሆነ ይሄ ይበቃል፤ ዲስኩን መንካትም አያስፈልግ።

ፍርዴ ይሄ ነው፦ መጫኛው ጎበዝ ነው፤ ግን ጎረቤት መኖሩን አያውቅም። እኛ ግን እናውቃለን። መምህራን ሆይ፣ ተማሪ ድንበሩን ከመጎተቱ በፊት «የማን ፋይል አለበት?» ብሎ መጠየቅን እናስለምደው።