ፓንች ካርድ የቆራረጠው ራይቦሶም

ስለ አልፋፎልድ ሳትሰሙ አትቀሩም፤ የፕሮቲንን ቅርጽ የሚተነብየው፣ በፈረንጆቹ 2024 ሠሪዎቹን ለኬሚስትሪ ኖቤል ያበቃው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። ምስጋናው ሁሉ ለሶፍትዌሩ ሲሆን ግን ቅር ይለኛል። የተማረበት መረጃ በአንድ ቦታ፣ በአንድ መልክ ባይቀመጥ ከምን ይማር ነበር?

ቦታው ፕሮቲን ዳታ ባንክ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1971 አሜሪካ፣ ብሩክሄቨን ላብራቶሪ ውስጥ ሲጀመር 7 ቅርጾች ብቻ ነበሩት፤ ዛሬ ከ200,000 በላይ አሉት። ሥራው የሚደነቅ ነው። የመጀመሪያው የፋይል አወቃቀር ግን ያናድዳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አወቃቀሩ የተቀዳው ከፓንች ካርድ ነው። ካርዱ 80 ዓምድ ስላለው እያንዳንዱ መስመርም 80 የፊደል ቦታ ኖረው፤ ለአንድ አቶም አንድ መስመር። የአቶሙ ተራ ቁጥር ከ7ኛው እስከ 11ኛው ቦታ ይጻፋል። አምስት ቦታ ማለት እስከ 99,999 ነው። በቃ! ለሰንሰለቱ መለያ ደግሞ የተሰጠችው አንዲት ቦታ ብቻ ናት። ታዲያ ፕሮቲን የሚገጣጥመው የሴል ማሽን፣ ራይቦሶም፣ ሲመጣስ? አልበቃውም። አንዱ ማሽን በተለያዩ ፋይሎች ተቆራርጦ ተቀመጠ። (የውጭ አገር ቅጽ ላይ «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን ገጥሟችሁ የአባት ልጻፍ የአያት ብላችሁ ከሆነ፣ ችግሩ ይገባችኋል።)

መፍትሔው ኤምኤምሲአይኤፍ የሚባለው አወቃቀር ነው። እዚህ ትርጉም የሚሰጠው ቦታ ሳይሆን ስም ነው። የስሙ ፍቺ፣ ቁጥር ይሁን ጽሑፍ፣ መለኪያውም ጭምር በአንድ የጋራ መዝገበ ቃላት ሰፍሯል። ጃፓን ያለው ማዕከልም እንግሊዝ ያለውም የሚሠራው በዚሁ ነው።

እሱም እንከን አላጣም። አንድ አቶም ሁለት ዓይነት መለያ ይይዛል፦ አንዱ በባንኩ ደንብ የወጣ፣ ሌላው ተመራማሪው የመረጠው። ሁለቱ ላይገጥሙ ይችላሉ። ፕሮግራም ስትጽፉ ካምታታችኋቸው ኮምፒውተሩ ምንም ሳይል የተሳሳተ አሚኖ አሲድ ሊሰጣችሁ ይችላል፤ መድኃኒት ለሚቀምም ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ለእኔ ማንንም ላለማስቀየም የተደረገ ድርድር ይመስለኛል።

መዘግየቱስ? መዝገበ ቃላቱ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ነበረ። የተቆራረጡት ቅርጾች በአንድ ፋይል የተገጣጠሙት ግን በ2014 ነው፤ በኤክስሬይ ክሪስታሎግራፊ የተገኙ ቅርጾችን በአዲሱ አወቃቀር ማስገባት ግዴታ የሆነው ደግሞ በ2019። አሮጌውን በዓይን ማንበብ ስለሚቀል ሰው መላቀቅ አቃተው እኮ! እስኪ የሄሞግሎቢንን ፋይል በሁለቱም አወቃቀር አውርዳችሁ ጎን ለጎን ክፈቱት፤ ለምን እንዳቃታቸው በአንድ እይታ ታያላችሁ።