የመሪው ቤት የሌለበት ሙዚየም፦ ዊንግ ሉክ በሲያትል

የመኖሪያ ቤት ሙዚየም፣ ማለትም አንድ ስመ ጥር ሰው የኖረበትን ቤት ከነዕቃው ጠብቆ ለጎብኚ የሚያሳይ ተቋም፣ መሪዎችን በሚዘክርበት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የሚያቀርበው መከራከሪያ አንድ ዓይነት ነው፤ ጠባቡ መኝታ ክፍል፣ ያረጀው ወንበርና የቤተሰቡ ገበታ ስለ መሪው ጨዋነት እንዲመሰክሩ ይደረጋል። በአዲስ አበባ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ውስጥ የተጠበቀው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መኝታ ክፍል ከተራ ቤት ወገን የሚቆጠር ባይሆንም፣ በአልጋው ፊት የቆመ ጎብኚ ስለ ሰውየው ጠባይ እንጂ ስለ ዘመኑ ሕግ ለመጠየቅ እምብዛም አይነሣሣም። የዘውጉ ድክመትም እዚህ ላይ ነው፤ የቤተሰብ መኖሪያ ለማንም ሰው በተፈጥሮ የተሰጠ ይመስል፣ እንዲህ ያለ ቤት ማን ሊኖረው እንደቻለና ማን እንደተከለከለ ሳይጠይቅ ያልፋል። በሲያትል የሚገኘው የዊንግ ሉክ ሙዚየም ትኩረት የሚስበው፣ በአንድ መሪ ስም ተጠርቶ ሳለ የመሪውን ሳይሆን የሌሎች ሰዎችን ክፍሎች በማሳየቱ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ዊንግ ሉክ በ1925 በቻይና፣ በጓንግዶንግ ተወልደው በልጅነታቸው ወደ ሲያትል የመጡ፣ ቤተሰባቸው በዩኒቨርሲቲ ዲስትሪክት ሰፈር በልብስ ማጠቢያና በግሮሰሪ ይተዳደር የነበረ የሕግ ባለሙያ ሲሆኑ፣ በ1962 ለከተማዋ ምክር ቤት ተመርጠው በዋሽንግተን ግዛት በሕዝብ ምርጫ ሥልጣን የያዙ የመጀመሪያው እስያዊ አሜሪካዊ ሆነዋል። በግንቦት 1965 የተሳፈሩባት ትንሽ አውሮፕላን ተራራማ በሆነ አካባቢ ተሰውራ ስብርባሪዋ የተገኘው ከ3 ዓመታት በኋላ ነበር። ወዳጆቻቸው በ1967 በቻይናታውን የከፈቱት ሙዚየም ከ2008 ጀምሮ ኪንግ ጎዳና ላይ በሚገኘው ኢስት ኮንግ ዪክ ሕንፃ ውስጥ ይገኛል።

ይህ ሕንፃ 170 ቻይናውያን ስደተኞች ገንዘብ አዋጥተው በ1910 ያሠሩት ነው። በላይኛዎቹ ፎቆች የነበረው ፍሪማን ሆቴል፣ ሆቴል ይባል እንጂ፣ አንድ ሠራተኛ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ማብሰያውንና መታጠቢያውን ከጎረቤቶቹ ጋር እየተጋራ የሚኖርበት ማደሪያ ነበር። ጎብኚው ከአስጎብኚ ጋር ወጥቶ የሚያያቸው እነዚህ ክፍሎች ከአንድ ሰው አልጋና ከጥቂት ዕቃ በላይ የሚይዙ አይደሉም፤ ከተከራዮቹ ብዙዎቹ በየበጋው ወደ አላስካ የሳልሞን ዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካዎች እየሄዱ የሚሠሩ ወንዶች ነበሩ። ጥበቱ ግን ስለ ተከራዮቹ ትሕትና የሚነግረን ነገር የለም። በ1882 የወጣውና እስከ 1943 የጸናው ሕግ፣ የቻይና የጉልበት ሠራተኞች ወደ አሜሪካ እንዳይገቡ፣ ቀድመው የገቡትም ዜግነት እንዳያገኙ ስለከለከለ፣ ለአብዛኛው ሠራተኛ ሚስትና ልጅ አምጥቶ ቤት መመሥረት የማይታሰብ ነበር። አልጋው ለአንድ ሰው የሆነው ስለዚህ ነው፤ የመሪዎች ቤት ሙዚየም እንደ ዋዛ የሚያሳየው የቤተሰብ ገበታ እዚህ የሌለው በሕግ ምክንያት ነው።

ሉክ በምክር ቤት ሳሉ አጥብቀው የደገፉት የመኖሪያ ቤት እኩልነት ድንጋጌም ከዚሁ ታሪክ ጋር የተሳሰረ ነው። በብዙ የሲያትል ሰፈሮች በቤት ሽያጭ ሰነድ ላይ ቤቱ ከነጭ በቀር ለማንም እንዳይሸጥ ወይም እንዳይከራይ የሚያስገድድ አንቀጽ ይሰፍር ነበር፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1948 እንዲህ ያለው ውል በፍርድ ቤት እንዳይፈጸም ቢያግድም፣ የባለቤቶችና የደላሎች አድልዎ አላቆመም። ድንጋጌው በመጋቢት 1964 ለሕዝብ ድምፅ ሲቀርብ በ54,448 ድጋፍና በ115,627 ተቃውሞ ወደቀ፤ ምክር ቤቱ ያጸደቀው ማርቲን ሉተር ኪንግ ከተገደሉ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 1968፣ ሉክም ከሞቱ ወዲህ ነው። ጥቁር ነዋሪዎች በዚህ አድልዎ ተገፍተው የተሰባሰቡበት ሴንትራል ዲስትሪክት፣ ኋላ ኢትዮጵያውያን ምግብ ቤትና ሱቅ የከፈቱበት ሰፈር መሆኑ፣ ለዚህ መጽሔት አንባቢ ጉዳዩን የሩቅ ሰው ታሪክ አያደርገውም።

ተቃራኒው ምሳሌ በሲያትል ካፒቶል ሂል ሰፈር የሚገኘው የኬይተን–ሬቭልስ ቤት ነው። በባርነት ተወልደው የሲያትል ሪፐብሊካን ጋዜጣ አሳታሚ እስከ መሆን የደረሱት ሆራስ ኬይተንና የመጀመሪያው ጥቁር የአሜሪካ ሴናተር ልጅ የነበሩት ባለቤታቸው ሱዚ ሬቭልስ የኖሩበት ይህ ቤት በምንም መለኪያ ደሳሳ አይባልም፤ ነገር ግን በ1909 የጥቁር ቤተሰብ በሰፈሩ መኖር የንብረት ዋጋ ያወርዳል የሚል ክስ ቀረበባቸው፤ ክሱን ቢረቱም ብዙም ሳይቆዩ ቤቱን ለቀዋል። ቤቱ በ2021 የከተማዋ ቅርስ ሆኖ ቢመዘገብም እስከ ዛሬ የግል መኖሪያ ነው። ነገ ሙዚየም ቢሆን እንኳ፣ ያማረው ፊቱ ስለ ባልና ሚስቱ ስኬት ብቻ መስክሮ ክሱን የግርጌ ማስታወሻ እንዳያደርገው ያሰጋል፤ የክሱ ታሪክ ከቤቱ ሳሎን ይልቅ ከፍሪማን ሆቴል ጠባብ ክፍሎች አጠገብ ቢቀርብ የበለጠ ይገለጣል።