«ተቀበል!» ያሉትን ተመልካች ማን ሰማቸው?

በሴሚስተሩ ዕረፍት ደነባ ሳለን፣ ተማሪዎች በገበያ ቀን ያሳዩትን አንድ አጭር ተውኔት ተመለከትን። ነገሩ ስለ ቀይ ቀበሮ ነው። መሬት ላይ በገመድ ክብ ተሠራ፤ ክቡ የመንዝ ጓሳ፣ ውስጡ የቆሙት ልጆች ቀበሮዎች መሆናቸው ነው። ተመልካቹ በየተራ እየገባ ሲያርስ፣ ከብት ሲያሰማራ ገመዱ ይጠባል፤ ቀበሮዎቹም አንድ በአንድ ይወጣሉ። ተመልካቹን ተዋናይ የሚያደርገውን እንዲህ ያለውን ሥራ አሳታፊ ኪነት እንለዋለን።

ሐሳቡ ግሩም ነው። ቀይ ቀበሮ በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚኖር፣ ለመራባት የደረሰው ቁጥሩ ከ500 እምብዛም የማያልፍ አውሬ ነው። ምግቡ አይጥና ፍልፈል ነውና መሬቱ ሲታረስ ሁሉም አብረው ይጠፋሉ። ልጆቹ በጠበበው ገመድ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ሲተፋፈጉ ማየት ከብዙ ዲስኩርና ፖስተር ይልቃል።

ታዲያ ጉድለቱ የቱ ላይ ነው? አንድ አዛውንት ገበሬ ክቡ ውስጥ ገብተው፣ «ልጆቼ፣ እኔስ በሬዬን የት ላብላው?» አሉ። አስተባባሪው «አባቴ፣ ይሄ ድራማው ውስጥ የለም» ብሎ አስወጣቸው። ሰዉ ሳቀ። እኛም ሳቅን፤ አሁን ያሳፍረናል።

አዝማሪ እንኳ «ተቀበል!» ሲሉት የሰጡትን ግጥም ተቀብሎ ያዜማል። ይህ አሳታፊ የተባለ ተውኔት ግን የአዝማሪውን ያህል ጆሮ አልነበረውም። መልሱ አስቀድሞ ከተጻፈ ተሳትፎው የይስሙላ ነው።

ደግሞስ የምናነቃው ማንን ነው? የመንዝ ገበሬ በቄሮ ሥርዓት ጓሳን ለዓመታት እየዘጋ፣ ጊዜው ሲደርስ ከፍቶ ሣሩን ለቤት ክዳን እያጨደ 400 ዓመት ያህል ጠብቆ አቆይቶታል። ሥርዓቱ የፈረሰው ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ነው። ዛሬም ጓሳን የሚጠብቀው ያው የአካባቢው ሕዝብ ነው፤ ቀበሮውም ጭላዳውም በእሱ ጥበቃ ይኖራሉ። እንግዲህ በሬንና ቀበሮን አንድ ላይ ማሰብ ለገበሬው አዲስ ነገር አይደለም። የአዛውንቱ ጥያቄ የተውኔቱ እምብርት ነበር፤ አስወጥተን ጣልነው።

ለአዘጋጆቹ የምንለው አጭር ነው። ገመዱን አትጣሉት። በሚቀጥለው ጊዜ ግን ጫፉን ለአዛውንቱ ስጧቸው። ይጥበብ ወይስ ይስፋ፣ ኪሳራውንስ ማን ይቻል፣ እሳቸው ይናገሩ፤ ቀበሮ የሆነውም ልጅ ይመልስላቸው። ክርክሩ ቢያመሽም ያምሽ።