ለቆላ የሚቆረጥ መዳብ

ስለ ኮምፒውተር የውሃ ማቀዝቀዣ የሚያማክሩኝ ወጣቶች ቀድመው የሚጠይቁት የፓምፑን ጉልበት ነው። እኔ የምጠይቃቸው ግን ኮምፒውተሩ የሚቀመጥበት ክፍል ቀትር ላይ ስንት ዲግሪ እንደሚደርስ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ የተገጣጠመ ማሽን ጣርማበርን ወርዶ፣ ሸዋ ሮቢትን አልፎ አጣዬ ሲገባ ሌላ ማሽን ይሆናል። ፕሮሰሰሩ ላይ የሚያርፈው፣ ውሃ በውስጡ የሚያልፍበት የመዳብ ብሎክ የቱንም ያህል የተዋጣለት ቢሆን ፕሮሰሰሩን ከክፍሉ አየር በታች አያወርደውም፤ የሚወስነው ከአየሩ ስንት ዲግሪ በላይ እንደሚቆም ነው። ከአየሩ 40 ዲግሪ በላይ የሚቆም ፕሮሰሰር 20 ዲግሪ ክፍል ውስጥ 60 ላይ ይሠራል፤ አጣዬ ባለችበት በይፋት ቆላ በሰኔ ቀትር፣ 35 ዲግሪ ክፍል ውስጥ፣ 75 ይደርሳል። ደጋ ላይ የማትቆጠር አንድ ዲግሪ ቆላ ላይ ትቆጠራለች።

የፓምፑ ነገር በስሌት ያልቃል። 100 ዋት በሚያመነጭ ፕሮሰሰር ላይ በደቂቃ 1 ሊትር ውሃ ቢያልፍ፣ ውሃው ሲወጣ የሚጨምረው ሙቀት 1.4 ዲግሪ ገደማ ነው። የውሃውን መጠን እጥፍ ብናደርገው ከዚህ ላይ የምናተርፈው 0.7 ዲግሪ ብቻ ነው። ትልቁ ኪሳራ ያለው መዳቡና ውሃው በሚነካኩበት ቦታ ነው። ብረቱን የታከከው ስስ የውሃ ሽፋን ከሞላ ጎደል ባለበት ይቆማል፤ የመዳብ ሙቀት አስተላላፊነት ደግሞ የቆመ ውሃን ከ600 እጥፍ በላይ ይበልጣል። ስለዚህ ብሎክ መንደፍ ማለት ሙቀቱ በውሃ ውስጥ የሚያቋርጠውን ርቀት ማሳጠር፣ ማለትም ውሃው የሚያልፍበትን ቦይ ማጥበብ ነው።

ይህን እስከ ጫፉ የወሰዱት ታከርማንና ፒዝ የተባሉ ተመራማሪዎች ናቸው። በ1981 እ.ኤ.አ. ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲሊከን ላይ የ1 ሚሊሜትር አንድ ሃያኛ ስፋት ያላቸው ቦዮች ቀድደው፣ ከ1 ካሬ ሴንቲሜትር 790 ዋት አስወጡ።

ግን ቦይ በጠበበ ቁጥር ውሃው ይታገላል። ፍጥነቱን ሳንቀንስ ስፋቱን በግማሽ ብናጠብ የሚያስፈልገው ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። እዚህ ላይ ብልሃቱ መንገዱን መቀየር ነው። ውሃውን በአንድ ጫፍ አስገብቶ በሌላው ከማስወጣት፣ መሃል ላይ፣ ልክ በፕሮሰሰሩ አናት አስገብቶ ወደ ግራና ቀኝ መክፈል። ግማሹ ውሃ ግማሹን መንገድ ብቻ ስለሚሄድ ተቃውሞው ወደ ሩብ ይወርዳል፤ በጣም የሚግለው ቦታም ገና ያልሞቀ ውሃ ይደርሰዋል። በዚህ ሙያ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የምወደው ነገር የለም። ወጪው ክዳኑን ሌላ ቦታ ላይ መብሳት ነው።

እንዲያም ሆኖ ለአጣዬ ስቆርጥ በጣም ጠባቡን ቦይ አልመርጥም። ማንቆርቆሪያ ቂጥ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚጋግር ውሃ ሩብ ሚሊሜትር ቦይ ውስጥ ምን እንደሚሠራ መገመት አይከብድም። ግማሽ ሚሊሜትር ወይም ትንሽ ሰፋ አደርገውና ክዳኑን በብየዳ ሳይሆን በብሎንና በጎማ ማሸጊያ እዘጋዋለሁ። የመጀመሪያ ቀን ጥቂት ዲግሪ እሸነፋለሁ። ዓመት ሲሞላ ግን ተፈትቶ በጥርስ ብሩሽ የሚታጠበው የታፈነውን ይበልጠዋል። የተሸነፍኩትን በከፊል ከብሎኩ ወለል ላይ እመልሳለሁ፤ 100 ዋት በ1 ካሬ ሴንቲሜትር ሲያልፍ እያንዳንዱ ሚሊሜትር መዳብ 2.5 ዲግሪ ያህል ያስከፍላልና ያለምክንያት አላወፍረውም።

ቅርፊቱ እንዲቀንስ የሚሞላው የባትሪ ውሃ ይሁን። መለዋወጫ ሱቅ ይገኛል፤ ስትገዙ አሲዱን እንዳይሰጧችሁ ብቻ አረጋግጡ። የሞቀውን ውሃ በአየር ለማቀዝቀዝ ከመርካቶ ምናለሽ ተራ የሚመጣ የመኪና ራዲያተር ርካሽ ነው፤ ሆኖም የዘመኑ ራዲያተር አብዛኛው አሉሚኒየም ነው። መዳብና አሉሚኒየም አንድ ውሃ ሲጋሩ አሉሚኒየሙ ይበላል፤ ብናኙም ሄዶ የሚያርፈው የብሎኩ ቦይ ውስጥ ነው። የድሮውን የመዳብና የናስ ራዲያተር ፈልጉ።

ራዲያተሩን ትቼ በጀሪካን ውሃ ልገላገል የሚልም አለ። የናፍጣ ወፍጮ በርሜል ውሃ ይዞ ሲፈጭ እያየን ስላደግን አይፈረድበትም። በርሜሉ ግን ሙቀቱን ያዘገየዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ወፍጮው ማታ ስለሚቆም ውሃው ሌሊት ይቀዘቅዛል። 100 ዋት የ20 ሊትር ጀሪካን ውሃን በየ14 ደቂቃው 1 ዲግሪ ያሞቀዋል። በጎኑ የሚያመልጠውን ካልቆጠርን፣ ጠዋት 2 ሰዓት የተከፈተ የፎቶ ኮፒ ቤት 6 ሰዓት ላይ ውሃውን 17 ዲግሪ ጨምሮ ያገኘዋል። ራዲያተር የግድ ነው፤ መጠኑንም አምራቹ ከሚመክረው አንድ ደረጃ ከፍ አድርጉት። አጣዬ ከባሕር ጠለል ከ1,400 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር 15 በመቶ ያህል የሳሳ ነው፤ ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚገፋው አየር ክብደት በዚያው ልክ ይቀንሳል።