ታናሹ ዓለም

የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ካቆዩልን ሐሳቦች እጅግ የማደንቀው የአራቱን ባሕርያት ትምህርት ነው። የሰው ሥጋ ከመሬት፣ ከውኃ፣ ከነፋስና ከእሳት ተፈጥሯል ይላሉ ሊቃውንቱ፤ ይህ ግዙፍ ዓለምም የቆመው በእነዚሁ ነው። ነፍስ ደግሞ ለባዊት (የምታስብ)፣ ነባቢት (የምትናገር) እና ሕያዊት (ሕያው የሆነች) ናት፤ በድምሩ ሰባት ባሕርያት። ሰውን ታናሽ ዓለም የሚያሰኘው ይህ ነው። የጥንት ግሪኮችም ተመሳሳይ ሐሳብ ነበራቸው።

ትምህርቱ በፍስሐ ገነት ከተማ ዙሪያ ያሉትን የጌዴኦ ማሳዎች ሳስብ ይበልጥ ይገባኛል። ከላይ ዋንዛና ብርብራ ያጠላሉ፤ ከሥራቸው ቡናና እንሰት ተጠጋግተው ይበቅላሉ። የረገፈው የብርብራ ቅጠል በስብሶ አፈሩን ያዳብራል፣ አፈሩ እንሰቱን ያሳድጋል፣ እንሰቱም ተፍቆና ተብላልቶ ቆጮ ሆኖ ቤተሰቡን ይመግባል። መሬትና ውኃ ሥጋ ሲሆኑ በዓይን ይታያል። ጌዴኦዎች ይህን ጥበብ ከግዕዝ መጻሕፍት አልቀዱትም፤ ከአባቶቻቸው የወረሱት የራሳቸው ዕውቀት ነው። የሊቃውንቱ ትምህርትና የጌዴኦዎች ዕውቀት መገናኘታቸው ግን ልቤን ይነካዋል።

ዩኔስኮም የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።