በሐራጅ የተገዛ ትዝታ

የጥንት ካርታና የቆየ ፎቶግራፍ መሰብሰብ ነውር አይደለም። እንዲያውም ሌላው ሰው ንቆ የጣለውን ወረቀት አንሥቶ አቧራውን የሚያራግፍ ሰው ለትውልድ ውለታ ይውላል። ዳሩ ግን ይህ ሥራ ወደ ሐራጅ አዳራሽ ሲገባ ጠባዩ ይለወጣል። ሐራጅ ሻጩ መዶሻውን ሲመታ ዕቃው የማን እንደ ሆነ ይታወቃል፤ የማን እንደ ነበረ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ወጣት አንባቢ ሆይ፥ እዚህ ልንመረምረው የፈለግነው ይህንኑ ነው።

አስቀድመን ስለ ካርታ እንናገር። አብርሃም ኦርቴልዩስ የተባለ የአንትወርፕ ሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1570 ትልቅ የካርታ መጽሐፍ አሳተመ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም የቄሱ ዮሐንስ መንግሥት ብሎ የሐበሻን አገር ካርታ ጨመረበት። ካርታው በመዳብ ሰሌዳ ተቀርጾ የታተመ ስለ ሆነ ለዓይን ያምራል። ይሁን እንጂ የሐበሻን መንግሥት እጅግ ወደ ደቡብ ዘርግቶ፥ የዓባይንም ምንጭ ከዚያው ከሩቅ ሐይቆች ያስነሣዋል። ከመቶ ዓመት በኋላ፥ በ1683፥ ጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ ያወጣው ካርታ ከዚህ ብዙ የተሻለ ነው። ሉዶልፍም ኢትዮጵያን በዓይኑ አላየም፤ ነገር ግን የሚሲዮናውያንን ጽሑፍ ከመመርመሩ በላይ አባ ጎርጎርዮስ ከተባሉ የአማራ አገር ሊቅ ጋር ተቀምጦ ጠይቆ ነበር።

ሁለቱን ካርታዎች ጎን ለጎን አድርጎ የሚያነብ ሰው፥ ባለ አገሩን መጠየቅ ምን ያህል እንደሚጠቅም ይማራል። ብዙው ገዢ ግን ካርታ የሚፈልገው ለግድግዳ ጌጥ ስለ ሆነ፥ አንዳንዱ ነጋዴ አሮጌውን መጽሐፍ ገነጣጥሎ ቅጠል በቅጠል ይሸጥለታል። መጽሐፍ አንድ ጊዜ ከተበተነ ደግሞ ተመልሶ መሰብሰቡ ጭንቅ ነው።

ከዚህም የከፋ አለ። በ2005 በአሜሪካ አገር አንድ የታወቀ የካርታ ነጋዴ በዬል ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሳለ ምላጭ ወለሉ ላይ ወድቆ ተገኘ። ተይዞ ሲመረመር ከልዩ ልዩ ቤተ መጻሕፍት 97 ካርታዎች መስረቁን አመነ። ሌባው አንድ ነው፤ ከየት አመጣኸው ሳይሉ የገዙት ግን ብዙ ነበሩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንዲሉ፥ ነገሩ ሲገለጥ ከገዙት ነጋዴዎች ብዙ ገንዘብ የከሰሩ ነበሩ።

ወደ ፎቶግራፍ እንመለስ። በቺካጎ ከተማ የሰው ልጆች በማሳደግ የኖረች ቪቪያን ማየር የምትባል ሴት ከመቶ ሺህ በላይ ፎቶግራፍ አንሥታ፥ ለሰው ሳታሳይ በሣጥን አከማችታ ነበር። ለዕቃ ማስቀመጫው ኪራይ መክፈል ስላቃታት ንብረቷ በ2007 በሐራጅ ተሸጠ። አንድ ወጣት አራት መቶ ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ብዙ የፊልም ኔጋቲቭ ገዛ፤ በ2009 ስሟን ይዞ ሲፈልጋት ያገኘው የሞቷን ማስታወቂያ ነው። ዛሬ ዓለም ያውቃታል። እንግዲህ ሐራጁ ሥራዋን አድኖታል ማለት ይቻላል፤ ሆኖም እርሷ በሕይወት ሳለች ይሸጥ ወይስ አይሸጥ ብሎ የጠየቃት አልነበረም።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ ሐራጅ የሚለው ቃል ሌላ ቁስል ይነካል። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ከሞቱ በኋላ፥ የእንግሊዝ ጦር የዘረፈውን የብራና መጽሐፍና ንዋየ ቅድሳት በደላንታ ሜዳ ላይ ሁለት ቀን በሐራጅ ሸጠ። የብሪቲሽ ሙዚየም ሰውም በዚያ ቆሞ ይገዛ ነበር። ትንሹ ልዑል ዓለማየሁ እናቱ በመንገድ ሞታበት ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ፤ በዚያው ዓመትም ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለችው ስመ ጥር ሴት ፎቶግራፍ አነሣችው። ልጁ በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ በባዕድ አገር ሞተ። ፎቶግራፉ የጥበብ ሥራ ተብሎ ይከበራል፤ በእውነትም ጥበብ አለበት። ነገር ግን የወረቀቱን ዕድሜና የብርሃኑን አወራረድ ብቻ የሚያደንቅ ሰው ልጁን አላየውም።

አንዳንዱ፥ ገንዘቤን ከፍዬበታለሁ፥ ሌላው ምን አገባኝ ይላል። ገንዘብ ወረቀቱን ይገዛል እንጂ ዕዳውን አይሽርም። በ2021 ከመቅደላ የተወሰዱ ዕቃዎች በእንግሊዝ አገር ለሐራጅ ሊቀርቡ ሲሉ የኢትዮጵያ ኤምባሲ አቤት ብሎ ሽያጩ ቀረ፤ ቆይቶም አንድ ድርጅት ገዝቶ ለኢትዮጵያ መለሳቸው። ስለዚህ መግዛት በራሱ ክፉ አይደለም፤ ገዝቶ የሚመልስም አለ።

እንግዲህ ወጣት አንባቢ ሆይ፥ አሮጌ ነገር መሰብሰብ ብትወድ ሦስት ጥያቄ ያዝ፦ ይህ ከየት መጣ? በውስጡ ያለው ሰው ማን ነው? ከእኔስ በኋላ ወዴት ይሄዳል? ለመጀመር ሐራጅ አዳራሽ መሄድ አያስፈልግህም። በቤታችሁ ሣጥን ውስጥ የአያቶችህ ፎቶግራፍ ሳይኖር አይቀርም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የሚውለው ግን የሚጽፈው ሲገኝ ነው። ሽማግሌዎቹ ሳያልፉ ጠይቀህ፥ በጀርባው ላይ በእርሳስ ስማቸውን፥ ቦታውንና ዓመቱን ጻፍ።