የውጤት ካርድና ወላጅ፦ ቁጥሩ የሚናገረውና የሚያስቀረው

በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ስለ ተማሪው ወደ ወላጅ የሚላከው ዋነኛ ጽሑፍ የውጤት ካርድ ነው። በየመንፈቀ ዓመቱ መጨረሻ ይህች የታጠፈች ወረቀት ወደ ቤት ትሄዳለች፤ ተፈርሞባትም ትመለሳለች። ስለ ፈተና አወጣጥና ስለ ማስተማሪያ ዘዴ ብዙ ሲጻፍ ካርዱ ራሱ አንባቢ እንዳለው ጽሑፍ ተቆጥሮ ሲመረመር እምብዛም አይታይም። ስለሆነም ካርዱ ለማን እንደተጻፈ፣ ምን እንደሚናገርና ምን እንደሚያስቀር ማየት ተገቢ ይሆናል።

የካርዱ አሠራር ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው ጥቂት ቢለያይም መሠረቱ አንድ ነው። የትምህርት ዓይነቶች በዝርዝር ይሰፍራሉ፤ በትይዩ የአንደኛውና የሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ውጤት፣ የሁለቱም አማካይ ይሞላል። ከግርጌ ድምር፣ አማካይ፣ ደረጃ፣ የቀረባቸው ቀናትና ጠባይ ይከተላሉ። በመጨረሻ የክፍሉ ኃላፊ መምህርና የርእሰ መምህሩ ፊርማ፣ ማኅተምና «የወላጅ ፊርማ» የሚል ባዶ መስመር ይገኛሉ። ለመምህሩ አስተያየት የተተወ ቦታ ሲኖርም የሚጻፍበት ቃል ብዙውን ጊዜ «ጎበዝ» ወይም «በርታ» ከማለት አያልፍም።

ይህ አሠራር ጥቅም የለውም ማለት አይቻልም። ቁጥር አጭር ነው፤ በአንድ ክፍል ስድሳና ሰባ ተማሪ ለሚያስተምር መምህር ድካም ያቃልላል፤ ተማሪው ትምህርት ቤት ሲለውጥም አብሮት ይጓዛል። ነገር ግን እነዚህ ጥቅሞች ሁሉ የመዝገብ ቤት ጥቅሞች ናቸው። ካርዱ በመጀመሪያ የተሰናዳው ለመዝገብ ሲሆን ወላጅ የመዝገቡ ቅጂ የሚደርሰው ሰው ብቻ ነው። የችግሩም ሥር ከዚህ ይጀምራል።

ወላጅ ካርዱን ሲቀበል አስቀድሞ «ስንተኛ ወጣህ?» ብሎ ይጠይቃል። ያለ አስረጂ ሊገባው የሚችለው ቁጥር ደረጃው ብቻ ስለሆነ ጥያቄው የሚያስወቅሰው አይደለም። በወላጆች ቀን ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ለወጡት ሽልማት የሚሰጠው ትምህርት ቤትም ይህንኑ አስተምሮታል። ይሁን እንጂ ደረጃ ልጁ ከጓደኞቹ መካከል የት እንደቆመ እንጂ ምን እንደሚያውቅ አይገልጽም። በደካማ ክፍል አምስተኛ የወጣ ልጅ ማካፈል ሳይችል ሊመሰገን ይችላል፤ በጠንካራ ክፍል ሠላሳኛ የወጣው ደግሞ የሚገባውን ሁሉ አውቆ ሊወቀስ ይችላል።

የትምህርቱም ውጤት ቢሆን ከዚህ የተሻለ ግልጽነት የለውም። «ሒሳብ 62» የሚል ጽሑፍ ልጁ ክፍልፋይ መደመር ያቅተው ወይም የቃል ጥያቄ መረዳት ይቸግረው ለወላጁ አይነግረውም። ተከታታይ ምዘና ይህን ጉድለት ይሞላል ተብሎ ታስቦ ነበር። በብዙ ክፍሎች ግን ተከታታይ ምዘና ተከታታይ ፈተና ሆኖ ቀርቷል፤ የአጫጭር ፈተናው፣ የቤት ሥራውና የቡድን ሥራው ነጥብ ተደምሮ አንድ ቁጥር ሲሆን ምዘናው ያስገኘው ዕውቀት በድምሩ ውስጥ ይሰወራል።

«ተዛውሯል» የሚለውም ቃል ልዩ ምርመራ ይገባዋል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተግባራዊ ሲሆን በመጀመሪያዎቹ የአንደኛ ደረጃ ክፍሎች ተማሪዎች በተከታታይ ምዘና እየታገዙ ከክፍል ወደ ክፍል እንዲያልፉ ተደረገ። ዓላማው ሕፃናት በመውደቅ ተስፋ ቆርጠው ከትምህርት እንዳይቀሩ ስለነበር የሚነቀፍ አይደለም። ሆኖም በ2002 ዓ.ም. በተደረገው የታችኛ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሦ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ ታይቷል። ትምህርት ቤቱ «ተዛውሯል» ሲል ወላጁ «ችሏል» ብሎ ይሰማል። በሁለቱ ቃላት መካከል ያለውን ርቀት የሚያስረዳው ሰው አላገኘም።

ይህ ርቀት ተጠራቅሞ የታየው በ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ነው። ከመስከረም መጨረሻ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ከተፈተኑት ከ890 ሺህ በላይ ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በተከታዩ ዓመትም ውጤቱ 3.2 ከመቶ ሆነ። የዚህ ምክንያት ብዙ ነው፤ ሁሉንም በካርዱ ላይ መጫን ፍትሐዊ አይሆንም። ነገር ግን እነዚያ ተማሪዎች ሁሉ እስከ 12ኛ ክፍል የደረሱት በየዓመቱ ካርድ እየተቀበሉ ነው። ወላጆቻቸውም በየዓመቱ ፈርመዋል። የልጁ ድካም ለወላጅ ሊነገር የሚገባው ገና ሊታረም በሚችልበት በሦስተኛና በአራተኛ ክፍል ነበር፤ የተነገረው ግን በመጨረሻው በር ላይ ነው።

ካርዱን የሚያነበው ማን እንደሆነም መጠየቅ ያሻል። ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ የተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከጊዜ በኋላ በ15 ቋንቋዎች ያስተማረው፣ ሰው በሚናገረው ቋንቋ ቢማር ፈጥኖ ይገባዋል በሚል ሐሳብ ነበር። ዛሬ ግን በእንግሊዝኛ የታተመ ካርድ የሚደርሳቸው ወላጆች ጥቂት አይደሉም፤ ፊደል ያልቆጠሩም አሉ። በእንዲህ ያለ ቤት ካርዱን ለወላጁ የሚያነበው ልጁ ራሱ ነው። ስለ ራሱ የተጻፈውን ፍርድ እንዲተረጉም የተተወ ልጅ የሚጎዳውን ቢያስቀር ሊያስገርም አይገባም። ወላጁም በማያውቀው ነገር ላይ ይፈርማል፤ ወይም በጣቱ አሻራ ያጸድቃል።

ከካርዱ ሌላ ወላጅ ከትምህርት ቤት የሚሰማው ቃል «ወላጅ አምጣ» የሚለው ነው። ይህም ጥሪ ሳይሆን ቅጣት ሆኗል። ልጁ ጎረቤቱን ወይም ታላቅ ወንድሙን ለምኖ በወላጁ ስም ይዞ መቅረቡ በየሰፈሩ የታወቀ ነው። የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት ስብሰባም በአመዛኙ ስለ አጥር፣ ስለ ወንበርና ስለ መዋጮ ይነጋገራል። እነዚህ አስፈላጊ ጉዳዮች ቢሆኑም የልጁ ንባብና ስሌት በአጀንዳው ውስጥ ቦታ አያገኝም።

ለማሻሻል ከባዶ መነሣት አያስፈልግም። በየክፍሉ ተማሪው ሊደርስበት የሚገባው ዝቅተኛ የመማር ብቃት ተዘጋጅቷል፤ ነገር ግን በመርሐ ትምህርቱና በመምህሩ መምሪያ ውስጥ ተዘግቶ ይቀራል። ከዚህ ውስጥ ለየክፍሉ አምስት ወይም ስድስት ነጥብ ተመርጦ፣ ወላጁ በሚናገረው ቋንቋና በተራ አነጋገር፣ በዓመቱ መጀመሪያ ሊነገረው ይገባል። «ልጅዎ እስከ ሰኔ ድረስ አጭር ታሪክ አንብቦ በራሱ ቃል ይነግርዎታል» የሚል ዓረፍተ ነገር ፊደል ያልቆጠረ ወላጅ እንኳ ቤቱ ሆኖ ሊፈትነው የሚችለው ነው። በካርዱም ላይ ከቁጥሩ ጎን «ይችላል»፣ «እየቻለ ነው»፣ «ገና ነው» የሚል ምልክት ቢኖር ነጥቡ ትርጉም ያገኛል።

መምህሩ በዓመት ሁለት ጊዜ ከእያንዳንዱ ወላጅ ጋር ደብተሩን ገልጦ ለጥቂት ደቂቃ ቢነጋገር ከሁሉ ይበልጣል። ስድሳ ተማሪ ላለው መምህር ለአንድ ወላጅ አሥር ደቂቃ ብቻ ቢመደብ የአንዱ ዙር ሥራ አሥር ሰዓት ይሆናል። ይህ ጊዜ በትምህርት ዘመኑ ሰሌዳ ላይ ካልተያዘ መምህሩ ከየትም ሊያመጣው አይችልም። ስለዚህ የዕቅድ ባለሙያዎች ድርሻ ለመምህሩ ምክር መጨመር ሳይሆን ቀን መመደብ ነው፤ የቀኑም አመራረጥ የአካባቢውን የገበያና የአዝመራ ጊዜ ያገናዘበ መሆን አለበት።

ካርዱ የመዝገብነት አገልግሎቱን ይቀጥላል፤ መቅረትም የለበትም። ይሁን እንጂ ወላጅ በፊርማው የሚያረጋግጠው ወረቀቱ እንደደረሰው ብቻ ከሆነ ትምህርት ቤቱ ተናግሯል ሊባል አይችልም።